የልብ ሰው ናሙና

እሱ ሲናገረው እንዲህ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ደም መቅጃ ክፍል ገብቶ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ከነርሷ ጋር እየተቀላለደ ተቀምጧል። በደም መቅጃውና በላብራቶሪው መካከል ሰፊ መስታወት አለ፤ ከመስታወቱ ሥር ደግሞ ናሙና የሚያልፍባት ትንሽ መስኮት። ነርሷ ደሙን የያዘውን ቱቦ በመስኮቷ አስገባች። ማዶ ቆማ የተቀበለችው የላብራቶሪ መርማሪዋ፣ እሷ ነበረች። ቱቦውን አየች፤ ቀና ብላ እሱን አየች፤ ፊቷ ተለዋወጠ። ከዚያ ቱቦውን በሁለት ጣቶቿ ጫፍ ይዛ፣ እንደሚያቃጥል ነገር ከራሷ አርቃ፣ አጠገቧ ላሉት ሽማግሌ ገፋችላቸው። የሆነ ነገርም ተናገረች። ወዲያው ክፍሉ በሙሉ ዞሮ እሱን ተመለከተና ሳቀ።

"ድምፃቸው አልተሰማኝም" ይላል። "ጥርሳቸው ግን በደንብ ታይቶኛል።"

እሷ ስትናገረው ያው ማክሰኞ፣ ያው ቱቦ፣ ሌላ ታሪክ ነው።

ቱቦ ላይ ስም አይጻፍም። እሷ ግን በመስታወቱ ማዶ ያንን ክንድ ስታይ ደሙ የማን እንደሆነ አወቀች። ሁለቱ በሚሠሩበት ማዕከል ደግሞ የሕክምናና የላብራቶሪ ሠራተኞች "ማሳለፍ" የሚሉት ደንብ አለ። ሐኪም ቤተሰቡን አያክምም፤ መርማሪም የልቡን ሰው ናሙና አይመረምርም። የሚወድ እጅ ይንቀጠቀጣላ! የሚወድ ዓይንም ያለውን ትቶ የሚመኘውን ያያል። ስለዚህ ታካሚውም ሆነ ናሙናው ለባልደረባ ይተላለፋል። አሳላፊው ደግሞ ሐሜት እንዳይነሳ ምክንያቱን እዚያው ጮክ ብሎ መናገር አለበት። እስከዚያ ቀን ድረስ ላብራቶሪው ውስጥ የተሰማው "የአጎቴ ልጅ ነው"፣ "የባለቤቴ እህት ናት" ብቻ ነበር። እሷ ግን ገና ለራሱ ያልነገረችውን ነገር፣ ለመላው ክፍል ተናገረችው።

"ይህን እኔ አልሠራውም። የልቤ ሰው ነው።"

ሽማግሌው ቱቦውን ተቀብለው "እሰይ!" አሉ። "እኛማ መቼ ትናዘዥ ይሆን እያልን ስንከራከር ከረምን እኮ!" ያን ጊዜ ነው ሁሉም ዞሮ የሳቀው።

ሁለቱም አልዋሹም። መስታወት ያሳያል እንጂ አያሰማም።

*

የዩኒቨርሲቲው የኤች አይ ቪ ምርምር፣ ሕክምናና ትምህርት ማዕከል ከዋናው ግቢ ጀርባ ያለ ሕንፃ ነው። ምድር ቤቱ የትምህርት አዳራሽ፣ አንደኛው ፎቅ ሕክምና፣ ሁለተኛው ላብራቶሪ። እሱ የምድር ቤቱ ሰው ነው፤ ሁሉም "መምህር" ይሉታል። ቫይረሱ በደማቸው እንዳለ ገና ትናንት የሰሙ ሰዎች ወደሱ ይመጣሉ። እሱም ከነቫይረሱ ተወልዶ፣ እናቱን በልጅነቱ አጥቶ፣ በአክስቱ እጅና በዚህ ሕንፃ ውስጥ ያደገ ሰው ነውና፣ እንዴት እንደሚኖር ያሳያቸዋል። እሷ የላይኛው ፎቅ ሰው ናት። እናቷ ደግሞ በመሃል ናት፤ የሕክምናው ክፍል ኃላፊ፣ መጻሕፍት የጻፈች፣ ተማሪ ሲያያት ከመንገድ የሚወጣላት ዶክተር። መምህሩን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያከመችውም እሷ ናት።

ያገናኛቸው ዶቃ ነው። አንድ ቀን ስለ ቫይረስ መጠን ለታካሚዎች እንድታስረዳ ወደ አዳራሹ ስትላክ፣ ነጭ ዶቃ የሞላው የመስታወት ማሰሮ ይዛ ወረደች። በነጩ መካከል አንድ እፍኝ ቀይ ዶቃ ጨመረች። "ቀዩ ቫይረሱ ነው" አለች። ከዚያ ቀዮቹን እየለቀመች አወጣችና አንዲቷን ብቻ ከሥር ደብቃ ማሰሮውን አዞረች። "መድኃኒቱ እንዲህ ያደርገዋል። አለ፤ ግን ፈልጋችሁ አታገኙትም። ምርመራ የማያገኘው ደግሞ በፍቅር አልጋ ላይም ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም። ክኒኑን ከተዋችሁት ግን ያቺ አንዷ ዘመዶቿን ሁሉ ጠርታ ትመጣለች።"

ከኋላ "እንደ ባለቤቴ ዘመዶች በሏ!" ያለ ሰው አዳራሹን አሳቀው። መምህሩም ሳቀ። ስትወጣ ማሰሮውን ይዞ እስከ ደረጃው ሸኛት። ከዚያ ወዲህ ማሰሮው በሆነ ባልሆነው ምክንያት ሲወርድና ሲወጣ ከረመ፤ የላብራቶሪው ሽማግሌም "ዶቃ" የሚል ስም አወጡላት። እሳቸው ራሳቸው፣ አንዲት ጠብታ ናሙና ከባከነች ቀኑን ሙሉ ስለሚያኮርፉ፣ ጋሽ ጠብታ ይባላሉ።

በዚያ ሁሉ መውጣትና መውረድ መምህሩና ዶቃ አንድም የፍቅር ቃል አልተነፈሱም። ደረጃው መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ ብቻ ሁለቱም ሳያውቁት እርምጃቸው ይዘገያል።

ያን ማክሰኞ ዶቃ ከሥራ ስትወጣ መታጠፊያው ላይ ጠበቀችው። አልመጣም። በኋላ በር ወጥቶ ሄዷል። በማግሥቱ ከእናቷ ቢሮ ፊቱን አጥቁሮ ሲወጣ አየችው፤ እንዳላያት ሆኖ አለፋት። እማዬ ናት፤ እማዬ የሆነ ነገር ብላዋለች፣ ብላ ደመደመች። አዳራሹ በር ላይ ማሰሮዋን አቅፋ እንደቆመች፣ የማሰሮው መስታወት ድንገት ቀዘቀዛት።

*

"እቴቴ፣ ልሄድ ነው" አለ መምህሩ እሑድ ከሰዓት።

አክስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ከስፌት መኪናው ቀና ሳትል "ሱቅ ከሆነ ነጭ ክር አምጣልኝ" አለችው።

"ሌላ ከተማ። ማዕከሉ አዲስ ቅርንጫፍ ሊከፍት ነው። አስተማሪ ፈልገው ነበር፤ እኔ ልሂድ ብዬ ዶክተሯን ጠየቅኋት፤ እሺ አለችኝ።"

መኪናው ቆመ። "ሰው ከሴት ሲሸሽ መንገድ ይቀይራል፤ አንተ ጭራሽ ከተማ?"

"ማን ስለ ሴት አወራ?"

"አንተ ልጅ፣ ሸሚዝህን ራስህ መተኮስ የጀመርክ ለት ነው እኮ ያወቅኩት።"

ከዚያ በኋላ መደበቅ አልቻለም። መስታወቱን፣ ቱቦውን፣ ሁለቱን ጣቶች፣ ሳቁን ነገራት። አክስቱ እስኪጨርስ አዳመጠችው።

"ጠየቅካት?"

"ምን ብዬ ልጠይቃት? ያየሁትን አየሁ።"

"ሰማያዊዋን ኩባያህን ታስታውሳለህ?"

ፈገግ አለ። በልጅነቱ ከሰማያዊ ኩባያ በቀር ውኃ አይጠጣም ነበር፤ ሌላ ሰው ከነካት ቤቱን በለቅሶ ያናጋዋል።

"ጎረቤቱ ሁሉ ያቺን ኩባያ አይቶ 'የእህቷን ልጅ ዕቃ ለየችበት፣ ጨካኝ!' ብሎ ሲያማኝ ኖረ። ያዩት ውሸት አልነበረም የኔ አባት፤ ኩባያዋ በእርግጥም ለብቻዋ ነበረች። ግን አንድም ሰው ገብቶ 'ለምን?' ብሎ አልጠየቀኝም። እኔም ኮራሁና ዝም አልኩ።" ጨርቁን ከመርፌው ሥር አስተካከለች። "ያኔ በጣም ነበር የከፋኝ። አሁን ያንን ጎረቤት አንተ ውስጥ ሳየው ይበልጥ ከፋኝ።"

መምህሩ ለመውጣት ተነሳ። ግን የስፌት መኪናው ድምፅ እንደገና ሲጀምር፣ ደረቱ ውስጥ የሆነ ስፌት ሲተረተር ተሰማው።

*

ቢሆንም ኩራት ቶሎ አይረታም። ሰኞ ጠዋት ላብራቶሪው ውስጥ ጠረጴዛዋ ላይ ተጣጥፋ የተቀመጠች ደብዳቤ ዶቃን ጠበቀቻት።

"ዶቃ፣ ዛሬ የመጨረሻ ትምህርቴ ነው። ከዚያ ወደ አዲሱ ቅርንጫፍ እሄዳለሁ። በመስታወቱ በኩል ያየሁት አስከፍቶኛል፤ አልተቆጣሁሽም ግን። ፍርሃት በትእዛዝ አይወጣም፤ ሥራዬ ስለሆነ አውቀዋለሁ። ደረጃው መታጠፊያ ላይ ለተሰጡኝ ደቂቃዎች ሁሉ አመሰግናለሁ። ማሰሮው እንዳይሰበርብሽ።"

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ፍርሃት? የማን ፍርሃት? ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወርዳ የእናቷን ቢሮ ሳታንኳኳ ከፈተች።

"እማዬ፣ ምን አልሽው?"

ዶክተሯ መነጽሯን አወለቀች። ስለ ማን እንደሆነ አልጠየቀችም። "ምንም። እሱ ነው የመጣው። ልሂድ አለ፤ እሺ አልኩት።"

"እሺ ስትይ ምን ተሰማሽ?"

ዶክተሯ ለመዋሸት የምትችል ሴት አልነበረችም። "እፎይ አልኩ።"

"አንቺ? 'በምርመራ ካልታየ አይተላለፍም' ብለሽ አገር ያስተማርሽው አንቺ?"

"ቫይረሱን አይደለም የምፈራው፣ እናቴ።"

"እና ምኑን ነው? ድህነቱን? አክስቱ ልብስ ሰፊ ስለሆነች?"

"ይቺ ቃል እንዳትደገም! የለበስኩትን ጋውን የሰፋችው እሷ ናት።" ዶክተሯ ተነስታ ወደ መስኮቱ ዞረች። "የምፈራውን ልነግርሽ አልችልም። ሐኪሙ ነኝ። እንደ ሐኪም ያወቅኩትን እንደ እናት ላወራው አይፈቀድልኝም። እናት ስትፈራ ደግሞ ዲግሪዋን አታማክርም። ሌሊት ሌሊት የማስበውን ብታውቂ . . . "

"እንግዲያው አንዱን ሁኚ!" የዶቃ ድምፅ ተሰበረ። "ሐኪሙ ከሆንሽ አትፍረጂበት። እናቴ ከሆንሽ ንገሪኝ። ሁለቱንም ሆነሽ መሃል ላይ አታንቂኝ።"

በሩ ተዘጋ። ዶክተሯ መስኮቱ ጋ ቀረች። በዚያ ቢሮ ስንት እናት አጽናንታለች፤ አሁን ግን መነጽሯን መልሳ አድርጋ የራሷን ልጅ ፍለጋ ወጣች።

*

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። መምህሩ ነጩን ሰሌዳ ጠራርጎ፣ ማሰሮውን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ፣ ሁልጊዜ እንደሚለው "ያልገባችሁን ጠይቁ፤ ጥያቄ አይገድልም፣ ዝምታ ነው የሚገድለው" ብሎ ጀመረ። ዶቃ ከኋላ ገብታ ተቀመጠች። አላያትም፤ ወይም እንዳላየ ሆነ።

ፊት ለፊት የተቀመጠ፣ ቆቡን እስከ ቅንድቡ ያወረደ የታክሲ ሹፌር እጁን አወጣ። "መምህር፣ ይቅርታና፣ ክኒኑ አይሰለችም? እውነቱን ንገረን።"

"ይሰለቻል" አለ መምህሩ። "እኔ በአሥራ ስድስት ዓመቴ ሰልችቶኝ ጣልኩት። አንዲት ልጅ ወደድኩ፤ ነገርኳት፤ ሸሸች። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ክኒኑን ዋጥኩ እያልኩ ከቁም ሳጥን ኋላ እጥለው ነበር። ልሞት ደርሼ ነው እዚህ ሕንፃ በአልጋ የገባሁት። ስነቃ ሐኪሜ አጠገቤ ተቀምጣለች። ትቆጣኛለች ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። እሷ ግን 'እዚህ ነኝ፤ የትም አልሄድም' ብቻ አለችኝ። ያን ቀን እንደገና የጀመርኩት ክኒን እስከ ዛሬ አልተቋረጠም።"

በሩ ላይ ዶክተሯ ቆማለች። ልጇን ፍለጋ ነበር የወረደችው፤ ከኋላዋ ያቺው የማክሰኞዋ ነርስ አለች። ዶክተሯ ስንት ዓመት በሙያ ቃል አፍና የያዘችውን ምሥጢር፣ ባለቤቱ በገዛ አንደበቱ ለሞላ አዳራሽ ሲናገር ሰማች። እጇ የበሩን መቃን ያዘ።

ሹፌሩ አልጨረሰም። "ፍቅርስ? አሁንማ አውቀን፣ ታክመን፣ ሁሉን አድርገን፣ ሰው ይወደናል?"

መምህሩ አፉን ከፈተ። ለዚህ ጥያቄ ሁልጊዜ የሚሰጠው ጥሩ መልስ ነበረው። ዛሬ ግን አልመጣለትም።

"እኔ ልመልስ?"

ዶቃ ተነስታለች። በወንበሮቹ መሃል መጥታ ከማሰሮው አጠገብ ቆመች፤ እጆቿን ጋውኗ ኪስ ውስጥ ከተተቻቸው። ስለ ማሳለፍ ደንብ ነገረቻቸው። ለምን እንደተደነገገና ምክንያቱ ለምን ጮክ ተብሎ እንደሚነገርም አስረዳች። ከዚያ ወደሱ ዞረች።

"ማክሰኞ ያንተ ደም እጄ ገባ።"

"ገፋሽው" አለ ቀስ ብሎ።

"አሳለፍኩት!"

"በሁለት ጣት።"

"እጄ ተንቀጠቀጠ እኮ! ብጥለው ጋሽ ጠብታ በሕይወት ይተዉኛል?"

"ሳቁብኝ።"

"ሳቁልኝ። 'የልቤ ሰው ነው' ብዬ ነው ያሳለፍኩት። ክፍሉ ሁሉ ሰማ፤ ከመስታወቱ ማዶ ያለኸው አንተ ብቻ አልሰማህም። ደረጃው ላይ ጠበቅኩህ። አንተ በኋላ በር ሄድክ።"

መምህሩ ጠረጴዛውን ያዘ። ከማክሰኞ ጀምሮ ተሸክሞት የከረመው ነገር ከላዩ ወረደ። "ለምን . . . ለምን አልነገርሽኝም?"

"አንተ ለምን አልጠየቅከኝም?"

ሹፌሩ ቆቡን ወደ ኋላ ገፋ። "መምህር፣ አሁን 'ያልገባችሁን ጠይቁ' ያልከው ለኛ ብቻ ነው እንዴ?"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩም ሳቀ፤ እየሳቀ ዓይኑ ሞላ። "ልክ ነህ" አለ። "ልክ ነህ ወንድሜ። ጎረቤት ሆኜ ነው የከረምኩት።" ማንም አልገባውም፤ እሱ ግን የስፌት መኪናው ድምፅ ተሰማው። ወደ ዶቃ ዞረ። "እንግዲያው ልጠይቅ። የማክሰኞው ቃል . . . ዛሬም አለ?"

"ሰኞም ማክሰኞም ያው ነኝ" አለች።

ሳቁ ዝግ አለ፤ ሰዎቹ ዶክተሯን አዩዋት። በወንበሮቹ መሃል በቀስታ መጣች። ነርሷ ተከተለቻት።

"ስለ ቁም ሳጥኑ" አለችው ዶክተሯ መምህሩን። "ይህን ለሰው ሁሉ ትናገራለህ?"

"በየትምህርቱ፣ ዶክተር።"

"እኔም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው የማውቀው፣ እማዬ" አለች ዶቃ። "ስትፈሪው የኖርሽው ይህንን ነበር?"

ዶክተሯ ልጇን አየቻት፤ ከዚያ እሱን። ስትናገር የቢሮው ድምፅ አልነበረም፤ የቤት ድምፅ ነበር።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እውነቱን መልስልኝ። ሰው ሲዋደድ ይጣላል። ልጄ አንድ ቀን ታስከፋህ ይሆናል፤ አንድ ቀን ትተሃት ትሄድ፣ ትታህ ትሄድ ይሆናል። ያን ቀን እንደገና ከቁም ሳጥን ኋላ ትጥለዋለህ? ከዚያ አልጋ አጠገብ አንዴ ተቀምጫለሁ። ልጄን እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጣ ማየት ነው የፈራሁት።"

 መምህሩ ቀና ብሎ አያት።

"ዶክተር፣ ከማክሰኞ ጀምሮ ልቤ ተሰብሮ ነው የከረምኩት። ንቃኛለች ብዬ ምግብ አልበላ ብሎኝ ነበር። ክኒኑን ግን አንድም ቀን አላስታጎልኩም። የምውጠው ለሷ ብዬ አይደለም፤ ስለዚህ እሷ ብትሄድም አይቆምም።"

ዶክተሯ ወደ ክንዱ ተመለከተች። ያንን ክንድ ሕፃን ሳለ፣ ቀጭን ሳለ፣ መርፌ ሲሸሽ ታውቀዋለች። ዛሬ የቆመው ሰው ግን የታከመ ልጅ ብቻ አይደለም፤ ገና አሁን እንዳየችው ገባት።

"የማክሰኞው ውጤትህ ደርሷል" አለች። "ቢሮ ና፣ ልንገርህ።"

"እዚሁ ይንገሩኝ። እነዚህም ይስሙ።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"ነኝ።"

"አይታይም። እንደ ወትሮው፣ አይታይም።"

ሹፌሩ ቀድሞ አጨበጨበ፤ ሌላው ተከተለው። ዶቃ መታገስ አልቻለችም፤ እጇን ከኪሷ አውጥታ የመምህሩን እጅ ያዘች። ሁለቱም እጆች ይንቀጠቀጡ ነበር፤ አንዱ ሌላውን አጸናው።

"እና ይሄዳል እንዴ?" ብሎ ከኋላ አንዱ ጮኸ።

"ማሰሮውን ማን ይሸከምላታል?" አለ መምህሩ። "ቅርንጫፉ ሌላ ሰው ይፈልግ።"

ጭብጨባው እስኪበርድ ዶክተሯ ጠበቀች። ከዚያ መነጽሯን አወለቀችና ወደ ነርሷ ዞረች፤ ሁሉም እንዲሰማት ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

"ሲስተር፣ ይህን ልጅ ለሌላ ሐኪም አሳልፊልኝ። ከዛሬ ጀምሮ እኔ አላክመውም።"

የመምህሩ ፊት ለአንድ አፍታ ጠቆረ፤ ያ አሮጌ ፍርሃት ዓይኑ ውስጥ አለፈ። ዶቃ ግን እጁን ጠበቅ አደረገችው። ነርሷ ፈገግታዋን ለመደበቅ ከንፈሯን ነከሰች።

"ደንቡ ምክንያት ይጠይቃል፣ ዶክተር። ጮክ ተብሎ።"

ዶክተሯ ልጇን አየች፤ እሱንም አየች።

"ቤተሰቤ ነው" አለች።